ወደ መንዝ መሄድ ይበጃልን?

ነጋዴ አዲስ አገር ለማየት ባሰበ ጊዜ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በባሕር ማዶ ነው። በአውሮፓም ቢሆን የታወቁት አገሮች ለኪስ የሚከብዱ ስለ ሆኑ፣ ወጪውን የሚቈጥር መንገደኛ እንደ ስሎቫኪያ፣ እንደ ሰሜን መቄዶንያና እንደ ሞልዶቫ ያሉትን አገሮች ያስባል። እነዚህ አገሮች የባሕር በር የላቸውም፤ ስማቸውም በሩቅ ብዙ አይጠራም፤ ኑሯቸው ግን ከምዕራብ አውሮፓ ኑሮ የረከሰ ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ግን ይህን መንገድ ከመያዙ በፊት የሚያሰላው ሌላ ሒሳብ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ በዶላር የረከሰ የተባለው አገር ወጪው ወደ ብር ሲመለስ ርካሽ ሆኖ አይገኝም።

ታዲያ ወጪው ቀላል፣ ስሙ በገበያ እምብዛም ያልተነሣ፣ በተራራና በሸለቆ የተዘጋ፣ ሸቀጥ ግን ያለው አገር የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ጕዞ ያገኘዋል። ይኸውም በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ነው። ጥያቄው አገሩ ማማሩና አለማማሩ አይደለም፤ አስመጪው፣ ላኪውና ባለሱቁ ሥራውን ትቶ፣ ገንዘቡንና ቀኑን ከፍሎ ቢሄድ ይበጀዋል ወይስ አይበጀውም ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

መንዝ በጥንት አከፋፈሉ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በስተደቡብ የሞፈር ውኃ፣ በስተምዕራብና በስተሰሜን የአዳባይና የወንጭት ሸለቆዎች፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ አዋሽ ቈላ የሚወርደው ረጅም ገደል ያጥሩታል። ከዋና ዋና ከተሞቹ መካከል ሞላሌ፣ ወገሬ፣ ዘመሮና መሐል ሜዳ ይጠቀሳሉ። ግሼ ከመንዝ በስተሰሜን ሲሆን ከተማው ራቤል ነው። መርሐ ቤቴ ከሸለቆው ማዶ በስተምዕራብ ይገኛል፤ ከተማውም ዓለም ከተማ ይባላል።

ይህ አገር በታሪክ የታወቀ ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው የመንዝን ገበሬ ኑሮ በሰፊው ገልጸዋል። በታሪክና በትምህርት የታወቀ አገር ሁሉ ግን በንግድ የታወቀ አይሆንም። የመንዝ ስም በመጽሐፍ ከሚገኘው ይልቅ በነጋዴ መዝገብ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ሁለት በር ያለው አገር

ጕዞውን ሲያስብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መንዝንና መርሐ ቤቴን በአንድ መንገድ አዳርሶ ለመመለስ በመመኘት ነው። በካርታ ላይ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ግን ለጭነት መኪና ጎረቤት አያደርጋቸውም።

ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው የደሴን መንገድ ይይዛል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ያለው በዚህ ስፍራ ነው። መንገደኛው ወደ ደብረ ሲና ሳይወርድ ወደ ሰሜን ታጥፎ የመንዝን ደጋ ይይዛል። ጓሳ የተባለው የታወቀው የሣር ምድር ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መሐል ሜዳ ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄድ ሰው ደግሞ የጎጃምን መንገድ ይዞ በሙከ ጡሪ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ በመውጣት ዓለም ከተማ ይደርሳል። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኪሎ ሜትሩ ከመንዝ ያነሰ ቢሆንም ቍልቍለቱና ዐቀበቱ ጊዜ ይወስዳል፤ የመኪና ጎማና ፍሬንም ይፈትናል። ስለዚህ ነጋዴው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ፣ ወይም ሁለት ልዩ ልዩ ጕዞ ማሰብ ይገባዋል።

ርካሽነቱ የት ላይ ነው?

በእነዚህ ከተሞች አልጋና ምግብ ከአዲስ አበባ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ፓስፖርትም፣ ቪዛም፣ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም። ነገር ግን የባሕር በር የሌለው አገር ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም የዕቃ ዋጋ የሚታወቀው በተገዛበት ስፍራ ሳይሆን በደረሰበት ስፍራ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ያለ ባሕር በር ከቀረች ወዲህ፣ አስመጪው ከጅቡቲ የሚያስመጣው ዕቃ ዋጋው በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚያድግ በሚገባ ተምሯል። የመንዝም ነገር በትንሹ እንደዚሁ ነው። በመሐል ሜዳ ገበያ የረከሰው ዕቃ የረከሰው ገዢው ሩቅ ስለ ሆነ ነው። ርካሽነቱ የርቀቱ ሌላ ስሙ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ለምግብና ሱቁ ለተዘጋበት ቀን በጠቅላላው 15,000 ብር አወጣ እንበል። 30 የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝቶ ቢመለስ በእያንዳንዱ ላይ 500 ብር የጕዞ ወጪ ይጫንበታል፤ በዚህም ዋጋ ምናልባት መርካቶ ቢገዛ ይሻለው ነበር። 150 ቢገዛ ግን በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 100 ብር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጕዞ ታማኝ አቅራቢ አግኝቶ ሁለተኛውን ጭነት በስልክ አዝዞ ቢያስመጣ ደግሞ ወጪው ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ጕዞ የሚያተርፈው ሁለተኛና ሦስተኛ ግዢ ሲከተለው ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት «ምን አያለሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከተመለስሁ በኋላ ምን አዝዛለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

በአገሩ የሚገኘው ሸቀጥ

የመንዝ ዋና ሀብት በግ ነው። የመንዝ በግ በቁመቱ አነስተኛ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ብርድንና የግጦሽ እጥረትን የሚችል ነው። ጠጕሩ ሻካራ ሱፍ ነው፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከዚያም ባና፣ ዝተት፣ በርኖስና ምንጣፍ ይወጣል። በደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ዓመታት የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመውም አውራጃው የሱፍ አገር በመሆኑ ነው። በዚያው ከተማ የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የመንዝን በግ ከውጭ ከመጡት ከአዋሲና ከኮሪዴል ዝርያዎች ጋር የማዳቀል ሥራ ሲሠራ ቈይቷል።

ቆዳ ላኪው በዚህ ስፍራ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት የሚፈለገው የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ የሚገኘው ሱፍ ካልሆነ፣ አጭር ጠጕር ካለው በግ ነው። የመንዝ በግ ግን ባለ ሱፍ ነው። ስለዚህ የጓንት ቆዳ ፈልጎ ወደ መንዝ የሚወጣ ነጋዴ መንገዱን ስቷል፤ ሱፍ፣ የሱፍ ሥራና የሥጋ በግ ፈልጎ የሚወጣው ግን አልሳተም።

ከእህል ወገን ገብስ የመንዝ አለኝታ ነው፤ ባቄላ፣ ምስርና ስንዴም ይበቅላል። በደብረ ብርሃን የቢራና የብቅል ፋብሪካዎች ከተከፈቱ ወዲህ ገብስ የጎተራ እህል ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካ ዕቃም ሆኗል። ሆኖም ለቢራ የሚሆነው ገብስ ፍሬው እኩል፣ ንጹሕና ደረቅ መሆን ስላለበት፣ ገዢው ናሙና ሳያይ በወሬ ብቻ ዋጋ መቍረጥ አይገባውም። መርሐ ቤቴ በበኩሉ ወደ ጀማ ሸለቆ ዝቅ የሚል ስለ ሆነ ጤፍና ማሽላ የሚያበቅል አገር ነው። ደጋና ቈላው የሚለዋወጠው ዕቃ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለባለሱቁ ደግሞ ጕዞው የመግዣ ብቻ ሳይሆን የመሸጫም ነው። በደጋው ምን እንደሚፈለግ፣ የአገሬው ሰው ጫማውን፣ ጃኬቱንና የቤት ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣ በዓይኑ ያያል። ባዶ መኪና ሄዶ ሙሉ የሚመለስ ነጋዴ በአንድ ወገን ብቻ ያተርፋል፤ ሙሉ ሄዶ ሙሉ የሚመለሰው ግን የመንገዱን ወጪ ለሁለት ይከፍላል።

የጓሳ ምሳሌነት

ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ጓሳን ሳያይ ቢመለስ የአገሩን ምሥጢር ሳያውቅ ይቀራል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ የውርጭ ምድር ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ጅብራ ይገኙበታል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና እረኞች በክረምት ለሚለብሱት ገሳ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቈየው አገሬው በሥርዓት ስለ ጠበቀው ነው። ቄሮ ይባል በነበረው ጥንታዊ ደንብ መሠረት ምድሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት የቀድሞው ባለርስትነት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ ግን አካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶታል። ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር የእንግዳ ማረፊያም በስፍራው ተሠርቷል።

ይህ ጉዳይ ለነጋዴ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ለጐብኚ የሚሆን አገልግሎት፣ ማለት መኪና፣ ስንቅና የሱፍ ልብስ ማቅረብ የሚችል ሰው ሥራ እንዳለው ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ የሣሩ ምድር ከተራቈተ ውኃውም፣ በጉም፣ ሱፉም አብረው እንደሚጎዱ ነው። ከጓሳ የሚነሡ ወንዞች ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፣ ከፊሎቹም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በጥድፊያ አግዝቶ የሚሄድ ነጋዴ ለአንድ ዓመት ያተርፍ ይሆናል፤ ደንቡን አክብሮ የሚገዛ ግን በየዓመቱ የሚመለስበት ገበያ ይኖረዋል።

ከሌሶቶ የሚገኝ ትምህርት

በአፍሪካ የመንዝ አምሳያ የሚሆን አገር ቢፈለግ ሌሶቶ ይገኛል። ዙሪያውን በደቡብ አፍሪካ የተከበበ፣ የባሕር በር የሌለው፣ ምድሩ ሁሉ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራማ አገር ነው፤ ገበሬውም ሱፍና የአንጎራ ፍየል ጠጕር ወደ ዓለም ገበያ ይልካል። የሌሶቶ ሱፍ ገዢ ያገኘው በደረጃ ተለይቶ ስለሚቀርብ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ሱፉ ሁሉ በአገር ውስጥ ብቻ እንዲሸጥ የሚያዝዝ ደንብ በወጣ ጊዜ የብዙ ገበሬዎች ክፍያ ዘገየ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ገበሬዎች በአደባባይ ቅሬታቸውን አሰሙ።

ከዚህ የሚወሰደው ምክር አጭር ነው። የተራራ ገበሬ ሱፉን ለይቶና አጥቦ የሚያቀርበው ለተለየው ሱፍ የተለየ ዋጋ፣ ያውም በጊዜው የሚከፍለው ገዢ ሲያገኝ ነው። ጥሩውንና መጥፎውን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት መጥፎውን ብቻ ያገኛል። የመንዝ ሸማኔ በፋብሪካ ከተሠራው ርካሽ የናይለን ብርድ ልብስ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ በሙቀቱ፣ በጥንካሬውና በሥራው ጥራት ግን ሊወዳደር ይችላል። ይህን ልዩነት ለከተማ ገዢ የሚያስረዳለት ነጋዴ ካላገኘ፣ ልጁ ሽመናውን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ቢመጣም የሚገዛው አይኖርም።

መቼ መሄድ አይገባም?

ጕዞውን ማሰብ መልካም ቢሆንም፣ መቅረቱ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ከሁሉ አስቀድሞ የሰላሙ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ከዚያም በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዋጁ ዘመን በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ግጭቱ ከአዋጁ ጋር አላበቃም። መንገድ በተዘጋበት ወይም ባሠጋበት ሰሞን መሄድ ንግድ ሳይሆን ዕድል መፈተን ነው። ስለዚህ በሚነሡበት ሳምንት በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችንና በስፍራው የሚኖሩ ነጋዴዎችን ጠይቆ መቍረጥ ግዴታ ነው፤ የአንድ ወር ወሬ ለዛሬ ጕዞ አያገለግልም። ጥርጣሬ ካለ ናሙና በታመነ ሰው አስመጥቶ ጕዞውን ማዘግየት ይሻላል።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ስለሚበዛ በጣርማ በርና በጀማ ቍልቍለት መንዳት አሥጊ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሚጥል ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከቈላ የሚወጣ ሰው በደጋው ከፍታ የተነሣ ራስ ምታትና ድካም ሊሰማው ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን ማረፊያ ማድረግ ይገባዋል።

ሦስተኛው የገበያውና የበዓሉ ቀን ነው። የመንዝ ሕዝብ የጾሙንና የበዓሉን ሥርዓት አጥብቆ ይጠብቃል። በግ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የፋሲካ ዋዜማ ቢደርስ ዋጋው ሰማይ ወጥቶ ያገኘዋል፤ በዐቢይ ጾም መካከል ቢሄድ ግን ከገበሬው ጋር በእርጋታ ሊነጋገር ይችላል። የከተማውን የገበያ ቀን ሳይጠይቅ የተነሣ ሰው ደግሞ ባዶ አደባባይ አይቶ ይመለሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለማን ይበጃል?

እንግዲህ ውሳኔው እንዲህ ይጠቃለላል። ዕቃ ከውጭ ብቻ የሚያስመጣና የሚያከፋፍል፣ ወደ ክፍለ ሀገር ደንበኛ የመዘርጋት ሐሳብ የሌለው ነጋዴ ለጊዜው ቢቀር አይጐዳም። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰውም ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ የሱፍ ሥራውንና የእህሉን ናሙና በዚያው ቢያይ ይበቃዋል፤ ከዚያ አልፎ ቢሮጥ የሚያተርፈው ድካም ነው።

የእጅ ሥራ ላኪ፣ የሱፍ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ የበግና የገብስ ነጋዴ፣ እንዲሁም ጐብኚዎችን የሚያጓጕዝ ሰው ግን መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ አራት ወይም አምስት ቀን መድቦ ቢሄድ ይበጀዋል። ሲሄድም የሚፈልገውን መጠን፣ ቀለምና ጥራት በጽሑፍ ይዞ፣ ከአንድ ሳይሆን ከሦስት አራት አቅራቢዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና በዋጋው ገዝቶ ይመለስ። ለሸማኔው የሚሰጠውን ቀብድና ዕቃውን የሚረከብበትን ቀን በወረቀት ያስፍር። በተመለሰ በሳምንቱም የገባውን ቃል ይፈጽም፤ በሩቅ አገር ያለ አቅራቢ የነጋዴን ስም የሚያውቀው በዚህ ነውና።

የመንዝ ደጋ በርካሽነቱ ብቻ ሊጐበኝ የሚገባው አገር አይደለም። በዚያ ያለው ርካሽ ዋጋ ገዢ ያጣ ሥራ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ብቻ ለሚመለስ ሰው ጕዞው የሽርሽር ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ ደግሞ ለሚመለስና ለሚያዝዝ ነጋዴ ግን የገበያ መክፈቻ ነው፤ ለሸማኔውም እጁን ከሥራው እንዳያነሣ ምክንያት ይሆነዋል።